ከኮሎራዶ እስከ አሶሳ፦ ምሕንድስናን ወደ ክፍል የሚያስገቡ ነጻ ትምህርቶች

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ድልድይና ስለ ቀርከሃ ሲጽፍ ስታዩ «ይሄ ልጅ ዲፓርትመንት ተሳስቶ ነው እንዴ?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ታላቅ እህቴ ከአሶሳ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ነች። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ደወለችና «አንተ ኢንተርኔት እንደ ውሃ በሚፈስበት ግቢ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? ለልጆቼ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ፈልግልኝ እንጂ! እኔ ጠመኔ ስጨርስ፣ እነሱ ደብተር ሲጨርሱ ዓመቱ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። እንደ ውሃ ይፈሳል ያለችው ትክክል ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ውሃም ኢንተርኔትም የሚመጡት ሌሊት ሌሊት ነው።

ብቻ «እሺ እታለም» አልኩና ፍለጋ ገባሁ። በመጀመሪያ ያገኘሁት ሁላችሁም የምታውቁትን ነው፦ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ እሳተ ገሞራ ማስመሰል፣ በሎሚ አምፖል ለማብራት መሞከር፣ ምናምን። ላክሁላት። መልሷ አጭር ነበር። «ይሄማ ትርዒት ነው። ልጆቹ ዋው ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያስ?»

ይህች «ከዚያስ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት እዚህ ጽሑፍ ድረስ ያመጣችኝ።

ለመሆኑ ምሕንድስና ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምንድን ነው?

ሳይንስ «ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምሕንድስና ደግሞ «ይህንን ችግር ባለኝ ነገር እንዴት ልፍታው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁልፉ ያለው «ባለኝ ነገር» በምትለዋ ላይ ነው። መሐንዲስ ሁልጊዜ ገደብ አለበት። ገንዘቡ ይህን ያህል፣ ጊዜው ይህን ያህል፣ እንጨቱ ይህን ያህል ይባላል። ገደብ የሌለበት ሥራ ምሕንድስና ሳይሆን ምኞት ነው።

የሥራው ሂደት ደግሞ በየትምህርት መርጃው ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። ችግሩንና ገደቡን መለየት፣ ሌሎች ምን እንደሠሩ ማጥናት፣ ብዙ መላ ማሰብ፣ አንዱን መርጦ ማቀድ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር፣ ከዚያም ያልሠራውን አይቶ እንደገና ማሻሻል ነው። ሲጻፍ ትልቅ ነገር ይመስላል። ግን እስኪ ልጅነታችሁን አስታውሱ! የሽቦ መኪና ስንሠራ ጎማው ከቆርኪ ነበር። መኪናው ወደ ግራ እየጎተተ ሲያስቸግረን ሽቦውን ትንሽ አጠፍ አድርገን እንደገና እንነዳለን። ናሙና፣ ሙከራ፣ ማሻሻል ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ያንን ሥራ ማንም መምህር አይቶ ማርክ አልሰጠንም፤ እንዲያውም ክፍል ይዘነው ስንገባ እንቀማ ነበር።

ቲች ኢንጂነሪንግ የሚባለው ስብስብ

በኅዳር ወር ቲች ኢንጂነሪንግ የሚባለውን የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አገኘሁ። መቀመጫው አሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ቦልደር ከተማ በሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። የተመሠረተው በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ሲሆን፣ አመጣጡን ሳነብ ከምርቱ በላይ ታሪኩ ደስ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያው ፋውንዴሽን ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ወደ ተራ ትምህርት ቤቶች የሚልክ ፕሮግራም ነበረው። የምሕንድስና ተማሪዎቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እየሄዱ ከመምህሩ ጎን ቆመው ልጆቹን ያሠራሉ። እያንዳንዳቸው ታዲያ የሠሩበትን የትምህርት ዕቅድ ጽፈው ይተዉ ነበር። ተማሪው ይመረቃል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ በሌላው ከተማ ያለው ደግሞ ያንኑ ትምህርት ከዜሮ ይጀምራል። የኮሎራዶው ዩኒቨርሲቲ ከኮሎራዶ የማዕድን ኮሌጅ፣ ከዱክ፣ ከዎርሴስተር ፖሊቴክኒክና ከኦሪገን ስቴት ጋር ሆኖ ያደረገው ይህንን የተበታተነ ወረቀት ሰብስቦ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ አስይዞ፣ ማንም በነጻ እንዲወስደው ማስቀመጥ ነው። ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርትና የተግባር ሥራ አለበት። አዲስ የሚገባው ደግሞ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ የተሞከረ መሆን አለበት፤ በመምህራንና በመሐንዲሶችም ይገመገማል።

ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የአሜሪካ መምህራንም ቢሆኑ ምሕንድስና ተምረው አልወጡም። ማሳቹሴትስ ግዛት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ምሕንድስናን በሥርዓተ ትምህርቱ ስታካትት ፈር ቀዳጅ ነበረች። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ግዛቶች የተቀበሉት አዲሱ የሳይንስ ትምህርት መለኪያ ሲወጣ ደግሞ ምሕንድስና ከሳይንሱ ጎን ለጎን በየክፍሉ ገባ። እንግዲህ አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ጠዋት ተነስታ «ዛሬ ምሕንድስና አስተምሪ» ስትባል ምን ትሆናለች? የእህቴ ዓይነት ጭንቀት ነው የሚይዛት። የእህቴ ጭንቀት ላይ ግን ስድሳ አራት ተማሪ ይደመርበታል።

ወረቀቱ ላይ ምን አለ?

እያንዳንዱ የተግባር ሥራ አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለችው። ለስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ቡድኑ ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ ለአንድ ቡድን የሚያልቀው ዕቃ ስንት ዶላር እንደሚያወጣ ይነግራችኋል። ይህችን ሳጥን አቅልላችሁ አትዩአት። መምህር ትምህርቱን ከማንበቡ በፊት የሚያስበው ይህንኑ ነው። ስንት ሰዓት ይወስድብኛል? ከኪሴ ስንት ያስወጣኛል? ይህንን የጠየቀው ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚያ የዕቃው ዝርዝር ይከተላል። ቀጥሎ መምህሩ ለልጆቹ ነገሩን የሚያስተዋውቅበት አጭር ንግግር፣ የአሠራሩ ቅደም ተከተል፣ የቃላት ፍቺ፣ የደኅንነት ጥንቃቄ፣ መመዘኛ ጥያቄዎች አሉ። እኔ ከሁሉም የወደድኩት «ችግር ቢያጋጥም» የሚለው ክፍል ነው። ይህ ነገር ክፍል ውስጥ ሲሠራ የት ላይ እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይናገራል። የእኛ አገር የመምህር መምሪያዎች ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር እንደታሰበው እንደሚሄድ አድርገው ነው የሚጻፉት። እዚህ ግን «ልጆቹ ማስታወሻ አይይዙም፣ ፕላስተሩን አንድ ቡድን ይጨርሰዋል» ዓይነት ነገር ታስቦበታል።

ሁሉም ነገር ማር ነው ማለቴ አይደለም። ግማሹ ዝርዝር እኛ ጋ የለም። ፓስታንና ማርሽማሎው የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ እያያያዙ ግንብ የሚሠሩበት ትምህርት አለ። ፓስታው ይገኛል፤ ከረሜላው ከየት ይምጣ? ቢገኝስ አምስተኛ ክፍል ይዘውት ገብተው ግንብ የሚሠራ ይመስላችኋል? በሆድ ውስጥ ነው የሚሠራው። የቡድኑ ብዛት ሦስት ይላል፣ አራት ይላል፤ ክፍሉ ሃያና ሠላሳ ልጅ የያዘ እንደሆነ ይገምታል። የልኬት አሃዱም ብዙ ቦታ ኢንች ነው። ይህንን ኢንች ያዙልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስትሮ የለም፣ ሽመል ግን ሞልቷል

እኔና እህቴ የመረጥነው የድልድይ ሥራ ነው። ስብስቡ ውስጥ በስትሮና በፕላስተር ብቻ ድልድይ የሚሠራበት ታዋቂ ትምህርት አለ። እህቴ ሳነብላት አቋረጠችኝ። «ስትሮ ለስድሳ አራት ልጅ? የማን ለስላሳ መጠጫ ልሰብስብ?» ከዚያ ዝም አለችና «ሽመል አለ እኮ» አለች።

ለማታውቁት፣ ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዚህ የታወቀ ክልል ነው፤ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ቅርጫቱ፣ አልጋው ሁሉ ከሱ ይሠራል። ስለዚህ ገደቡ እንዲህ ተወሰነ። ለአንድ ቡድን ከስቲኪኒ ትንሽ ወፈር ያሉ፣ አንድ ስንዝር የሚረዝሙ ሃያ የሽመል ስንጥሮች፣ ሦስት ሜትር ሲባጎ፣ ሌላ ምንም የለም። ኮላ ክልክል ነው። ስድሳ አራቱ ልጅ አራት አራት ሆኖ አሥራ ስድስት ቡድን ወጣው። ወጪው የሲባጎው ብቻ ነበር።

ሚዛን ስለሌለ ክብደቱን በውሃ አደረግነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። እህቴ አንድ የሻይ ብርጭቆ ወሰደችና በአንድ ሊትር ሃይላንድ ላይ ለካችው፤ አሥር ብርጭቆ ሞላው። አንድ ብርጭቆ መቶ ግራም መሆኑ ነው። አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ድልድዩ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል፣ ልጆቹ እየቆጠሩ ብርጭቆ በብርጭቆ ይጨምራሉ፣ እስኪሰበር። (የጀሪካኑን የራሱን ክብደት አልቆጠርንም፤ ጋዜጠኛ ነኝና ልናዘዝ።)

ጥፋቱ የእኔ ነው

በጥር ወር መጀመሪያ እኔ በአማርኛ ያዘጋጀሁትን ሁለት ገጽ ይዛ ክፍል ገባች። ማታ ደወለች። ደስ ብሏት የምትጮህ መስሎኝ ነበር። «አልተሰበረም» አለች።

«እንዴት አልተሰበረም?»

«አንድም ድልድይ አልተሰበረም። ውሃው አለቀብን። ሁሉም መቶ ከመቶ። ልጆቹ ጨበጨቡና ወጡ። ማንም ምንም አልጠየቀም።»

ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። በሁለቱ ዴስኮች መካከል ያለውን ርቀት «12 ሳንቲ ሜትር» ብዬ ጽፌያለሁ። ከተለያየ ቦታ ቀላቅዬ ሳዘጋጅ የወሰድኩት ቁጥር ግን 12 ኢንች ነበር። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መሆን የነበረበት 30 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው።

ይህ ስህተት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የገባኝ ዶርም ውስጥ ያለውን የሲቪል ምሕንድስና ጓደኛዬን ስጠይቀው ነው። ወገቡ ላይ ክብደት የተጫነበት ምሰሶ ርዝመቱ ሲጨምር ለመሰበር የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚጎብጠው መጠን ግን በርዝመቱ ኩብ ነው የሚያድገው። 2.54ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 16.4 ገደማ ይመጣል። ማለትም ያው አንድ ዓይነት ስንጥር በእኔ ርቀት ከሚጎብጠው በትክክለኛው ርቀት ከ16 እጥፍ በላይ ይጎብጣል። ልጆቹ የሠሩት ድልድይ ጠንካራ ስለነበረ አልቆመም፤ ወንዙ ቦይ ሆኖላቸው ነው። ያልወደቀ ድልድይ ደግሞ የት ጋ ደካማ እንደሆነ አይናገርም።

ለመጽናናት ያህል፣ በዚህ ስህተት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በመስከረም 1999 (እ.ኤ.አ.) ናሳ ወደ ማርስ የላከው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋው አንደኛው ወገን በእንግሊዝ አሃድ፣ ሌላኛው በሜትሪክ ስለሠሩ ነበር። እኔ ያጠፋሁት የአንድ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ነው። እህቴ ግን ይህ ምሳሌ ብዙም አላጽናናትም።

ምክንያቱም ያቺ ክፍለ ጊዜ በዋዛ የተገኘች አልነበረችም። ርዕሰ መምህሩ ጫጫታውን ሰምተው መጥተው ነበር። «መምህርት፣ ምዕራፉ መቼ ሊያልቅ ነው?» ብለዋታል። እውነታቸውን ነው፤ ምዕራፉ ካልተሸፈነ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ ዕድል ስትጠይቅ «በትምህርት ሰዓት አይሆንም፣ ቅዳሜ ከሆነ ግን ክፍሉን ልከፍትልሽ እችላለሁ» አሏት። ቅዳሜዋን ሰጠች እንግዲህ።

ሦስት ማዕዘንና የክብሪት እንጨት

እስከ ቅዳሜ ድረስ ሌላም ነገር መስተካከል ነበረበት። የልጆቹን ድልድዮች ፎቶ ስታሳየኝ ሁሉም አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ነበሩ፤ እንደ መሰላል። እንዲህ ያለው ቅርጽ ሲጫን ወደ ጎን ይዘማል። ይህንን «ሦስት ማዕዘን ጠንካራ ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። ግን እሱማ ያው የድሮው ማስታወሻ ማስገልበጥ ነው።

ስንፈልግ ያገኘነው ሰው ኮሎራዶ ሳይሆን ሕንድ ውስጥ ነው። አርቪንድ ጉፕታ ይባላሉ። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ካንፑር ከሚገኘው የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋም በምሕንድስና ተመርቀው የጭነት መኪና ፋብሪካ ገቡ። በ1978 ግን ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ ሆሻንጋባድ በሚባል አካባቢ ለገጠር ልጆች ሳይንስን በተግባር የሚያስተምር ፕሮግራም ላይ ተሳተፉ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ከቆሻሻ የትምህርት መጫወቻ መሥራት ሆነ። መጻሕፍታቸውንና አጫጭር ፊልሞቻቸውን ማንም በነጻ እንዲወስድ አስቀምጠዋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

የመጀመሪያ ፈጠራቸው የክብሪት እንጨትና የቢስክሌት ቫልቭ ላይ የሚገባው ቀጭን ጎማ ነው። ጎማው አጭር ሆኖ ተቆርጦ የእንጨቶቹ መጋጠሚያ ይሆናል። ሦስት እንጨት ስታጋጥሙ ፍንክች አይልም። አራት ስታጋጥሙ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ምክንያቱም የሦስት ማዕዘን ጎኖች ርዝመት ከተወሰነ ማዕዘኖቹም አብረው ይወሰናሉ፤ የአራት ማዕዘን ግን ጎኖቹ ሳይለወጡ ማዕዘኖቹ ሊለዋወጡ ይችላሉ። በአራቱ መሐል ሰያፍ አንድ እንጨት ብትጨምሩ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነና ጸጥ አለ።

አሶሳ ላይ የቫልቭ ጎማ ሳይሆን ያረጀ የቢስክሌት የውስጥ ጎማ እንደ ክር ተቀዶ ሽመሉ ታሰረበት። እህቴ ምንም አልተናገረችም አሉ፤ ለየቡድኑ ሦስትና አራት እንጨት ሰጥታ «ግፉት» ብቻ አለች። አንዱ ልጅ «የኛ ድልድይ ይሄኛው ነው!» ብሎ የሚወዛወዘውን ይዞ ቆመ።

ቅዳሜ

ከስድሳ አራቱ አርባ አንዱ መጡ። የቀሩት ገበያ ነበረባቸው፣ ከብት ነበረባቸው። ዴስኮቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ተራራቁ፤ እኔ በስልክ ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። ቡድኖቹ አሥር ሆኑ። መጀመሪያ የቆዩትን መሰላል ድልድዮች ሞከሩ። ሰባቱ አሥር ብርጭቆ ሳይሞላ ወደቁ። ትንሹ አራት ብርጭቆ ያዘ፣ ትልቁ አሥራ አራት። ከዚያ ሰያፍ ጨምረው እንደገና ሠሩ። አራት ብርጭቆ የያዘው ቡድን ሃያ ሦስት ደረሰ። ከሁሉም የበለጠው ሃያ ሰባት፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ሆነ።

አንደኛ ወጥቶ የነበረው ቡድን ግን ሲያሻሽል አበላሸው፤ ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። እንጨት ለመጨመር ብለው ጥሩውን ቋጠሮ ፈተውት ነበር። እህቴ እንደነገረችኝ ያን ቀን ብዙ የተማሩት እነሱ ናቸው፤ ተከራክረው ተከራክረው «እንጨቱ አይደለም የተሰበረው፣ ቋጠሮው ነው የተፈታው» ብለው ራሳቸው ደረሱበት። በነገራችን ላይ ቋጠሮውን ያስተካከለላቸው መሐንዲስ አይደለም። አጥር የሚያጥሩ የአንዷ ልጅ አባት «ሽመሌን ማን ነው የሰነጠቀው?» ብለው ሊቆጡ መጥተው፣ ሲባጎ ሲያዩ ሳቁ። እርጥብ ልጥ አምጥተው እንዴት እንደሚታሰር አሳዩ። እርጥብ ሳለ እንደፈለጉት ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ግን ቅርጹን እንደያዘ ይደነድናል። ይህ በኮሎራዶው ወረቀት ላይ የለም።

ቃላት ያስቸገሩን ቦታም ነበር። ድልድይ ሲጫን ከላይ ያለው ክፍል ይጨመቃል፣ ከታች ያለው ይለጠጣል። መዝገበ ቃላት ለሁለተኛው «ውጥረት» ይላል። ልጆቹ ደግሞ ውጥረት ሲባል የሚያውቁት ቤት ውስጥ አባትና እናት ሲኮራረፉ ያለውን ነው። ስለዚህ ገመድ ጉተታ አጫወተቻቸው፤ ገመዱ መሐል ላይ አንዲት ልጅ እጇን አስቀምጣ «የሚሰማሽ ምንድን ነው?» ተባለች። እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል በአባይ በረሃ ያለው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ እነዚያ ኬብሎች የተዘረጉት ለውበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ያንን ሁሉ ሸክም የያዙት ገመድ ጉተታ እየተጫወቱ ነው!

«ነጻ» ሲባል

ከዚህ ሌላ የሞከርነው ፌት የሚባሉትን የኮምፒውተር ማሳያዎች ነው። እነዚህም የዚያው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ካርል ዊማን በ2002 የጀመሩት ሥራ ነው። ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል በጣት እየጎተቱ ማገናኘት ይቻላል፤ ሲሳሳቱ ባትሪው በእሳት ይያያዛል፣ ማንም ግን አይቃጠልም። ፋይሉን አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይም ይከፈታል። ለእህቴ ክፍል ግን አንድ ስልክ ለስድሳ አራት ልጅ አልሆነም። የጠቀመው ለራሷ ነው። ማታ ማታ ተጫውታበት፣ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ትስለዋለች።

እንግዲህ «ነጻ» የሚለውን ቃል ቀረብ ብለን እንየው። ወረቀቱ በነጻ ነው። ፓኬጁ ግን በነጻ አይደለም፣ እንግሊዝኛውን ማንበብ በነጻ አይደለም፣ ሌሊት ተነስቶ ማውረድ በነጻ አይደለም፣ ቅዳሜም በነጻ አይደለም። በእህቴ ላይ የወደቀው ዋጋ ይህ ነው፤ ደሞዟ ላይ ደግሞ ማንም ስለ ቅዳሜዋ የጨመረላት የለም። አሥራ ስድስት ቡድን ለብቻ ማሠራት ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ኮሎራዶ ላይ ትምህርቶቹ ሲወለዱ ከመምህሩ ጎን አንድ የምሕንድስና ተማሪ ቆሞ እንደነበር መርሳት የለብንም። የእኛ ግቢ የምሕንድስና ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደሚውሉ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስም አልጠራም።

ታላቆቻችን ስለ ፕላዝማ ትምህርት ሲያጫውቱን ሰምተናል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ትምህርት ማለቴ ነው። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ክፍል ያለው መምህር ደግሞ ሊያስቆመው አይችልም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ሁለቱን ሳነጻጽር ልዩነቱ ቴክኖሎጂው አይመስለኝም። ፕላዝማው መምህሩን ዳር አስቀምጦ ነበር የሚያስተምረው። የቲች ኢንጂነሪንግ ወረቀት ግን መምህርት ካልነካችው ምንም አይሠራም፤ ስትሮውን በሽመል፣ ሦስቱን ልጅ በአራት፣ ፕላስተሩን በልጥ እስክትለውጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ስለዚህም ነው ወረቀቱን የሚተረጉም ሰው (እኔን ጨምሮ) ክፍሉን ማወቅ ያለበት። እኔ ያላወቅሁትን ክፍል ተርጉሜ ምን እንደደረሰ አይታችኋል።

ከቅዳሜው በኋላ በነበረው ሰኞ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ የሚሻገሩት አንድ ወንዝ አለ፤ ድልድዩ ሁለት ግንድ ነው። «መምህርት፣ የኛ ግንድ ለምን ሦስት ማዕዘን የለውም?» አለች። እህቴ መልስ አልነበራትም፤ ወደ እኔ ወረወረችው። እኔ ወደ ሲቪል ምሕንድስናው ጓደኛዬ ወረወርኩት። እሱም «ግንዱ ወፍራም ከሆነና ርቀቱ አጭር ከሆነ አያስፈልገውም፤ እኔ የምፈራው ግንዱን አይደለም፣ ያረፈበትን ዳር ነው። ክረምት ላይ ውሃው ሥሩን ያለውን አፈር ይበላዋል። ብዙ ድልድይ የሚወድቀው ከላይ ተሰብሮ ሳይሆን ከሥሩ ተሸርሽሮ ነው» አለኝ። እንዳለ አስተላለፍኩላት።

በዚህ ሳምንት ፎቶ ላከችልኝ። ዘጠኝ ልጆች ወንዙ ዳር ተደርድረዋል። ሁለቱ ሲባጎ ዘርግተው ከግንዱ ጫፍ እስከ ዳሩ አፋፍ ያለውን ይለካሉ፣ አንዷ ደብተር ይዛ ትጽፋለች። ዝናቡ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ሊያመሳክሩት ነው። መለኪያው ሳንቲ ሜትር ነው፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ።